የድልብ ዳገት ልክ

ጡረታ በወጣሁ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ቆሞ "እናታችን" አለኝ። ስለ ትሕትናዬ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነቴ፣ ስለ ሻይ ክበቡ እንኳ ሳይቀር አነሣ። ስለ ሞተር አንድ ቃል አልወጣውም። ጋቢ አለበሱኝ፣ ጃንጥላ ሰጡኝ፣ ፎቶ ተነሣን። ለስላሳ ሲታደል አጠገቤ የተቀመጠው አዲሱ የትራንስፖርት ሹም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣

"እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ የመርሳው የአድማሱ ተማሪ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?" አለኝ።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ማን ነው ያለው?"

"ሾፌሮቹ ናቸው። ካንዴላ ያስተማረዎት እሱ ነው ይላሉ።"

ይህን የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። የአድማሱ ተማሪ አልነበርኩም። አድማሱ የወልድያን አፈር ሳይረግጥ እኔ አምስት ዓመት ካንዴላ ስፈታና ስጠርግ ኖሬአለሁ። ስለ ደመወዜና ስለ ጡረታ ወረቀቴ አላወራም፤ ወረቀቱ ሦስት ወር አመላለሰኝ፣ አለቀ። የማወራው ስለ አንድ ልክ ነው።

ሥራ የጀመርኩት መርሳ፣ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መጋዘን ውስጥ፣ በደርግ መጨረሻ ነው። የመለዋወጫ ዕቃ ተረካቢ ነበርኩ። የአለቃዬን ስም አልጠራም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ። "ሴት ልጅ የፍሬን ሸራ ቆጥራ ታስረክባለች እንጂ ፍሬን አትፈታም" ይል ነበር። እሱ ቢሮው ውስጥ ጋዜጣ ሲያነብ እኔ መካኒኮቹ የሚመልሱትን አሮጌ ዕቃ እያገላበጥኩ ምን እንደጎዳው አጠና ነበር። ሞተርን የተማርኩት ከሚጣለው ዕቃ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጋራዡ ተዘጋ፤ እኔም ከተቀናሾቹ አንዷ ሆንኩ። አለቃዬ ግን አልተቀነሰም። ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ጋዜጣ ሰጡት።

ወልድያ መጥቼ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በታች ባለው በጋሽ ሞላ ጋራዥ ሥራ ጠየቅኩ። ጋሽ ሞላ አሥመራ ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ምን ታውቂያለሽ አላሉኝም። ከአንድ ጣሳ ውስጥ አምስት አሮጌ ካንዴላ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩና፣ "ምን ይሉሻል?" አሉኝ።

አንዱ ጥቀርሻ ለብሷል፤ "ይኸ ቤንዚን በዝቶበታል" አልኩ። አንዱ ነጭ ሆኖ ጫፉ ተበልቷል፤ "ይኸ ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይግላል።" አንዱ ዘይት ያንጠባጥባል፤ "የዚህ የፒስተን ፋሻ አልቋል።" ሁለቱ እንደ ብስኩት ቡናማ ነበሩ፤ "እነዚህ ደኅና ናቸው፣ ለምን ተጣሉ?" አልኩ። ጋሽ ሞላ ሳቁ። "እኔም እሱን ነው የምጠይቀው" አሉና ቱታ ሰጡኝ።

ላልሠራበት ሰው ልንገር። ካንዴላ ጫፉ ላይ ሁለት ብረት አለው። አንዱ መሐል ላይ ቆሟል፤ ሌላው ከጎን ተነሥቶ እንደታጠፈ ጣት በላዩ ያዘነብላል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት የሚዘለው በሁለቱ መካከል ባለችው ክፍተት ነው። ክፍተቷ ከጠበበች እሳቱ ያንሳል፤ ከሰፋች ይወፍራል፣ ግን ለመዝለል ኃይል ይፈልጋል። ኃይል ካጣ ጭራሽ አይዘልም። ልኳን የምንለካው ከቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በተሠራ መለኪያ ነው፤ በየቅጠሉ ላይ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር መቶኛ ተጽፏል። በዚያ ጊዜ ለቤንዚን መኪኖች የምንሰጠው ስድሳ ነበር።

ጋሽ ሞላ ካንዴላ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በቤንዚን፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠቡና ለዚሁ ብቻ በተቀመጠች ፎጣ ያደርቁ ነበር። አራት ቀዳዳ ያላት ጣውላ ነበረቻቸው። ካንዴላዎቹን በሲሊንደራቸው ተራ ይተክሉባታል፤ ተራው ከተዛባ እንደገና ያስፈቱናል። በመዶሻ አይመቱም። የጎኑን ብረት በጣውላው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው ይነኩታል፤ ቅጠሉን ያስገባሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስባሉ። "ከመጽሐፍ መሐል ወረቀት ስትስቢ እንደሚይዝሽ ይያዝሽ፤ ከላላም ከጠበቀም ልክ አይደለም" ይላሉ። ሥራው ሲሰምር አምባሰል ያንጎራጉራሉ። ሳይሰምር ሲቀር ዝምታቸው ጋራዡን ይሞላው ነበር።

ከሁሉ በላይ የማይታለፍ አንድ ሕግ ነበራቸው። ካንዴላው አዲስ ልክ የተሰጠው መኪና ሁሉ ጆንያ አሸዋ ተጭኖበት የድልብን ዳገት ሳይወጣ ለባለቤቱ አይሰጥም። ድልብ ከወልድያ ወደ ላይ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ገደል ነው። "ሜዳ ላይ የማይሄድ መኪና የለም" ይሉ ነበር።

በዚያ ጋራዥ ሁሉም ይፈታል፣ ሁሉም ይገጥማል፤ የካንዴላን ልክ የሚሰጠው ግን የእሳቸው እጅ ብቻ ነበር። በስድስተኛው ዓመቴ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው መጣ። አንድ ቀን ጣውላዋን ደገፍ ብለው፣ "ለፋሲካ ይህን መቀመጫ ለአንዳችሁ እለቃለሁ" አሉ። አንዳችሁ ያሉት እኔንና አድማሱን ነው።

አድማሱ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አዲስ አበባ ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ቱታው የተተኮሰ፣ ከደንበኛ ጋር ሦስት ደቂቃ ካወራ ወንድም የሚሆን ዓይነት ሰው ነበር። በሁለት ዓመት እበልጠው ስለነበር "እታለም" ይለኛል። እኅቱ አይደለሁም። ጋሽ ሞላ ከኔ ጋር የሳቁባቸውን ቀኖች በጣቴ ልቆጥር እችላለሁ፤ ከእሱ ጋር በየቀኑ ይስቁ ነበር። ምሳ ሲበላ ወንበራቸውን ይለቁለታል። አንድ ጠዋት ስገባ አድማሱ መኪና ሥር ተኝቶ የጋሽ ሞላን ዜማ ያንጎራጉራል፤ እሳቸው ከላይ ቆመው የሳተውን ያርሙታል። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዜማ አላረሙልኝም። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ቁልፍ ከእጄ ወደቀ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አድማሱ ከአዲስ አበባ አንድ ሳጥን አስመጣ። የዚያን ጊዜ መኪና እሳት የሚሰጠው ፑንቲና በሚባሉ፣ እየተነካኩ በሚለያዩ ሁለት ጥቃቅን ብረቶች ነበር፤ በየጊዜው ያልቃሉ፣ ይቃጠላሉ። የአድማሱ ሳጥን ፑንቲናውን አስወጥቶ በኤሌክትሮኒክስ የሚተካ ነው፤ ከጠንካራ ቦቢና ጋር መጣ። ቦቢናው የባትሪውን ጉልበት አብዝቶ ወደ ካንዴላው የሚልክ ዕቃ ነው። ኃይሉ ከጨመረ ታዲያ የካንዴላው ክፍተት ሊሰፋ ይችላል፤ ግን እስከ ስንት? ጥያቄው ይኸ ነበር። ወልድያ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ የተገጠመለት የሰይድ ላንድሮቨር ነው። ሰይድ የመርሳ ሰው ነው፤ ብርቱካንና ሽንኩርት ከመርሳ ጭኖ ድልብን ወጥቶ ደጋ ገበያ ያደርሳል። ጋሽ ሞላ ለዓይናቸው ደሴ ሊሄዱ ሲሉ ሥራውን ከፈሉልን።

"ሳጥኑን አድማሱ ይግጠም። ካንዴላውን ዘነበች ታስተካክል። ስመለስ አያለሁ።"

ፈተና መሆኑ ለሁለታችንም ገብቶናል። አድማሱ ሳጥኑን ሲጨርስ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "እታለም፣ መቶ አድርጊው። ወረቀቱ መቶ ይላል" አለኝ።

"ወረቀቱን አሳየኝ።"

"ምን ያደርግልሻል? ነገርኩሽ እኮ።"

መቶ አደረግኩት። መልሼ አወጣሁትና አየሁት። መቶ ካደረግኩ ልኩ የእሱ ነው፤ እኔ የታዘዝኩትን ያደረግኩ እጅ ብቻ ነኝ። ሌላ ቅጠል ጨምሬ መቶ አስር አደረግኩት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እሳቱ ከእሱ ልክ እንዲወፍር፣ ጋሽ ሞላ ሲመለሱ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ማን ነው የሠራው እንዲሉ ፈለግኩ።

ሞተሩ ሲነሣ ሰይድ "ወላሂ፣ ይኸ የኔ መኪና ነው?" አለ። እንደ ሐር የለሰለሰ ድምፅ ነበር። ባዶውን ሐራ ድረስ በሜዳው ነድተነው ተመለስን፤ አንዴም አልሳለም። አድማሱ በር ላይ ጠበቀን።

"ድልብ ወጣችሁ?"

"ሐራ ደርሰን መጣን። ይበቃል።"

"እታለም፣ ጋሼ ድልብ ካልወጣ አይለቀቅም ይላሉ።"

የመምህሬን ሕግ ለኔ ሊያስተምረኝ! ድልብ ውጪ ያለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እወጣ ነበር። "ካንዴላው የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የምለቀው" ብዬ ቁልፉን ለሰይድ ሰጠሁት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጋሽ ሞላ ከደሴ ገብተው ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በር ላይ ቆሞ ተጣራ። የሰይድ መኪና ድልብ ላይ ወድቋል አለ።

ሦስታችንም ወጣን። ሰይድ ብርቱካንና ሽንኩርት እስከ አፉ ጭኖ ነበር። ጠመዝማዛው ላይ ሞተሩ መንተባተብ ጀመረ፣ ተኮሰ፣ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑ ጭነቱን መያዝ አቃተው፤ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ሰይድ መሪውን አዙሮ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው አላተመው። እሱን ያዳነው ያ ነው። ግራ ክንዱ ግን ከበሩና ከድንጋዩ መካከል ገብቶ ተሰብሯል። ብርቱካኑ አስፋልት በሌለው መንገድ ላይ ቁልቁል ተንከባልሎ የመንገደኛ እግር ይረግጠዋል። ሰይድ ክንዱን ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ሳልጠይቅ ገብቶኛል። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ ሲሄድ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ቤንዚንና አየር ጥቂት ነው፤ እሳቱ ሰፊውን ክፍተትም ቢሆን ይዘለዋል። ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ይሞላል፤ የታመቀው አየር እሳቱን ያፍነዋል። መዝለል ያቃተው እሳት በአሮጌው ገመድ ሽፋን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ብረት ይሄዳል። መቶ አስሩ ሞተሩን የገደለው እንዲህ ነው።

ጋሽ ሞላና አድማሱ ሰይድን ደግፈው በእኛ መኪና ወደ ሐኪም ቤት ወረዱ። እኔ ዕቃውን እንድጠብቅ ቀረሁ። ኮፋኖውን ከፈትኩ። አድማሱ ከመውረዱ በፊት በጋሽ ሞላ ፊት አይቶ የላላ የቦቢና ገመድ አጥብቆ ነበር። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። መለኪያው በጋሽ ሞላ ኪስ ውስጥ ነው። ሐሳቤ ወደ መቶ መመለስ ነበር፤ መቶ ከተገኘ ጥፋቱ የአድማሱ ወረቀት ይሆናል። ከመንገዱ ዳር ለስላሳ ድንጋይ አንሥቼ ጫፋቸውን ነካ ነካ አደረግኩ፤ ወደ ሰማይ አንሥቼ በብርሃን እያየሁ አራቱንም አስተካከልኩና መልሼ አሰርኳቸው።

ሲመለሱ ጋሽ ሞላ በመጀመሪያ የጠየቁት፣ "ልኩን ማን አዘዘ?" ብለው ነው።

"አድማሱ። እሱ ያለኝን ነው ያደረግኩት" አልኩ።

ካንዴላዎቹን አስወጧቸው። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሞከሩ። መቶው አልገባም። ዘጠናው አልገባም። አንዱ ቅጠል ገብቶ ቀስ ብሎ ያዘ፤ በአራቱም ላይ እኩል ያዘ። ቅጠሉን ለአድማሱ ዓይን አቀረቡለት። "ስንት ነው የሚለው?"

"ሰማንያ።"

በድንጋጤዬ አጥብቤው ነበር። አድማሱ ቅጠሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ወረቀቱ መቶ ይላል ብለኸኝ አልነበረም?" አሉት ጋሽ ሞላ።

"ይላል፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ሰማንያ?"

"ዳገቱን አስቤ ነው" አለ።

ጋሽ ሞላ መኪናውን እንዲያስነሣ አዘዙት። አድማሱ ገባ፤ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ከነጭነቱ ያንን ዳገት አንዴ ሳይስል ወጣ። እኔና ጋሽ ሞላ ታች ቆመን ድምፁን እስኪርቅ ሰማነው። "የላላው ገመድ ነው ጉዱን ያመጣው፤ ልኩስ ልክ ነው" አሉ። "አራቱ እንዴት እኩል ናቸው! የታተመ ወረቀት አልበገረውም፤ ዳገቱን አሰበ።" አምባሰላቸውን ማንጎራጎር ጀመሩ።

እነዚያን አራት ካንዴላዎች ያለ መለኪያ፣ በድንጋይ፣ በዓይኔ ብቻ እኩል ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የበለጠ አልሠራሁም። ጥፋተኛ ላደርገው በዋሸሁት ውሸት አሸናፊ አደረግኩት። አፌን ልክፈት ብል የመቶ አስሩ ነገር ይወጣል።

ለፋሲካ መቀመጫውን ለአድማሱ ለቀቁለት። ጣውላዋን፣ ፎጣዋን፣ መለኪያውን በሰው ፊት አስረከቡት። እኔ ከሁለት ወር በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርኩ፤ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ጋሽ ሞላ ለምን እንደሄድኩ አልጠየቁኝም፤ እሳቸው ሲያርፉም ከቀብራቸው መልስ ሰው ያጽናና የነበረው አድማሱን ነበር።

ሳጥኑ የተገጠመለት የቤንዚን መኪና ሁሉ ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ሆነ። "የአድማሱ ልክ" ይሉታል ሾፌሮች። አድማሱ በኋላ መርሳ ዋናው መንገድ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ከሲሪንቃ ሳይቀር እየመጡ ይሰለፉለት ጀመር። እኔም ጋ ይመጣሉ፤ ኮፋኖ ከፍተው "በአድማሱ ልክ አድርጊልኝ" ይሉኛል። አደርግላቸዋለሁ። ስንቱን ዓመት!

ከሽኝቱ በኋላ በሳምንቱ መርሳ ወረድኩ። አድማሱ ወፍሯል፤ በር ላይ ከሾፌሮች ጋር ይሳሳቃል። ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ፣ "እታለም! በመጨረሻ አሰናበቱሽ?" አለ። ወደ ውስጥ ይዤው ገባሁ።

"ሰማንያው የማን ነው?"

ሳቁን ዋጠው። "ያንቺ ነው።"

"ታዲያ ዳገቱን አስቤ ነው ያልከው ምን አስበህ ነው?"

"አንቺ የእሱ ነው ብለሽ ሰጠሽኝ። ምን ልበል? አላልኳትም ብል ጋሼ ስንት ነበር ብለው ሊጠይቁሽ ነው። ከመቶ በላይ እንደነበር ከሐራ ስትመለሱ ከድምፁ አውቄዋለሁ። ያንን ቀን ከዚያ ተራራ እንዴት ትወርጂ ነበር?"

"አዳንከኝ ልትለኝ ነው?"

"መቀመጫውንም ፈልጌው ነበር" አለ። "አልዋሽሽም።"

ካለው ሁሉ ያመንኩት ይህችን ብቻ ነው። "እንግዲያው ውጣና ንገራቸው" አልኩት።

ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ወጣ። አጨበጨበና፣ "ስሙኝማ! ሰማንያው የኔ አይደለም። ያገኘችው እሷ ናት፣ ዘነበች ናት" አለ።

አንዱ ሾፌር፣ "ወይ አድምዬ! ለእንግዳ ክብር መስጠት እንዳንተ ነው!" አለና ሁሉም ሳቁ። ሌላው ወደኔ ዞሮ፣ "እትዬ፣ እንዲህ ያለ መምህር ስላገኙ ዕድለኛ ነዎት" አለኝ። አድማሱ እጁን ዘርግቶ "እውነቴን ነው እኮ" ሲል ይበልጥ ሳቁ። ስሙ ከነበረበት አንድ ደረጃ ከፍ አለ፤ ትሑት ተባለ።

ወደ ወልድያ የመለሰኝ የሰይድ ሚኒባስ ነው። ሰይድ እዚያ በር ላይ ነበር፤ ሲስቁ አይቷል። ከፊት ከጎኑ አስቀመጠኝ። ግራ ክንዱ ከዚያ ቀን ወዲህ አይዘረጋም፤ መሪውን ሲያዞር ትከሻውን አብሮ ያዞራል። ከመርሳ ስንወጣ፣ "አድማሱን የመሰለ ሰው አላህ አልፈጠረም" አለኝ። "የራሱን ለሰው የሚሰጥ ማን አለ?"

ያኔ አላስቻለኝም። ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቱን፣ መቶ አስሩን፣ ሐራን፣ ድንጋዩን፣ ውሸቱን። ሲሪንቃን አለፍን፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች እንቅልፍ ይዟቸዋል። ሰይድ አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ "ስለዚህ ሰማንያውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ገባህ?" አልኩት።

ትከሻውን አብሮ እያዞረ አንድ መታጠፊያ አለፈ።

"ዘነበች" አለኝ መንገዱን እያየ። "እስካሁን ገመድ ላልቶ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ይህን ሁሉ ነገርሽኝ። ስለ ክንዴ ግን ምንም አላልሽም።"

ያን ጊዜ ለሰይድ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። በእኔና በእሱ መካከል ነው፤ ገና አላለቀም። ሰማንያው ግን የኔ ነው።